ምስክርነት እንጂ ዋስትና አይደለም፦ የሌላን ሰው የምስጠራ ቁልፍ ከትእዛዝ መስመር በጥንቃቄ ስለመፈረም

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ከቀረበ ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ። ትእዛዞቹ በኮምፒውተር ላይ የሚተየቡት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ግን እንደ አነባበባቸው ሰፍረዋል። ከአንዳንዶቹ በፊት የሚታየው ድርብ ሰረዝ የትእዛዙ አካል ነው።)



ንግግሬን በአንድ ቁጥር ልጀምር፦ 00411886። ይህ የሊኑክስ ከርነል ፈጣሪ የሆነው የሊነስ ቶርቫልድስ የምስጠራ ቁልፍ የሚያበቃባቸው ስምንት ምልክቶች ናቸው። ለብዙ ዓመታት ሰዎች አንድን ቁልፍ ከቁልፍ ሰርቨር የሚጠሩት በእንዲህ ያለ አጭር መለያ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2016 ግን በዚህ ቁጥር ሰርቨሩን የጠየቀ ሰው ከአንድ በላይ ቁልፍ ያገኝ ጀመር። በሁለት ቁልፎች ላይ ያው ስም ተጽፏል፤ ሁለቱም በእነዚያው ስምንት ምልክቶች ያበቃሉ፤ እውነተኛው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዴት ሊሆን ቻለ? ስምንቱ ምልክቶች ሊይዙ የሚችሉት 4,294,967,296 የተለያዩ እሴቶችን ብቻ ነው። ቁጥሩ ለሰው ብዙ ይመስላል፤ ለዘመኑ የግራፊክስ ካርድ ግን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት ተመራማሪዎች «ኢቭል 32» ብለው በሰየሙት ሥራ የተፈለገውን አጭር መለያ የያዘ ሐሰተኛ ቁልፍ በጥቂት ሴኮንዶች ማዘጋጀት እንደሚቻል አሳይተው ነበር። ለማሳያ ያዘጋጇቸውን ቁልፎች ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ወደ ሰርቨር ጫናቸው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ስምም ኢሜይልም ቁጥርም ሊመሳሰል ከቻለ፣ በእጄ ያለው ቁልፍ በእርግጥ የዚያ ሰው መሆኑን በምን አውቃለሁ? መልሱ በመጨረሻ ከሰው ዘንድ ይመጣል፤ አይቶና መርምሮ ከሚመሰክር ሰው። ዛሬ የምነግራችሁም ያ ምስክር እናንተ በሆናችሁ ጊዜ ማድረግ ስለሚገባችሁ ነገር ነው።

ፊርማው ምን ይላል?

ፊሊፕ ዚመርማን «ፒጂፒ» የተባለውን የምስጠራ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ሲያወጣ ቁልፎችን የሚያረጋግጥ ማዕከላዊ ባለሥልጣን አልነበረውም። በቀጣዩ ዓመት የተብራራው ሐሳብ «የመተማመን መረብ» የሚባለው ነው፦ እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀውን ሰው ቁልፍ በራሱ ቁልፍ ይፈርማል፤ ፊርማዎቹ ሲያያዙ የማይተዋወቁ ሰዎችም በመካከላቸው ባሉ ምስክሮች አማካይነት አንዱ የሌላውን ቁልፍ ማረጋገጥ ይችላሉ። ቨርነር ኮኽ እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ማውጣት የጀመረውና ዛሬ በትእዛዝ መስመር የምንጠቀምበት «ጂኑፒጂ» የተባለው ነፃ ሶፍትዌርም ይህንኑ ሐሳብ ተቀብሏል።

በዚህ መረብ ውስጥ የሚፈጸመው ትልቁ ስሕተት ምስክርነትን ከዋስትና ጋር ማደባለቅ ነው። በሀገራችን የውል ልማድ ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ምስክር «እገሌ ይህን ሲፈርም አይቻለሁ» ይላል፤ ዋስ ደግሞ «እርሱ ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ» ይላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1727 በጽሑፍ እንዲሆን ለተደነገገ ውል ሁለት ምስክሮችን ሲጠይቅ የሚፈልገው እማኝነታቸውን ነው፤ የተዋዋዮቹን ዕዳ አያሸክማቸውም።

የቁልፍ ፊርማም እንዲሁ ነው። «ይህ ቁልፍ፣ በላዩ የተጻፈው ይህ ስምና ይህ ኢሜይል ያለው ሰው መሆኑን አረጋግጫለሁ» ይላል፤ ከዚህ አያልፍም። ሰውዬው ሐቀኛ ነው አይልም፤ ሐሳቡን እጋራለሁ አይልም፤ ኮምፒውተሩ ከስለላ ሶፍትዌር የጸዳ ነውም አይልም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 ባወጣው ሪፖርት በውጭ ሀገር በሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ በስለላ ሶፍትዌር የተሰነዘረ ሙከራ ስለመኖሩ አመልክቷል። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር የገባበት ኮምፒውተር መልእክቱ ከተፈታ በኋላ በማያ ገጹ ላይ የሚታየውን ያነባል፤ የቁልፉ ፊርማ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ይህን አያስቀረውም።

ምስክርነቱ ጠባብ መሆኑ ግን ቀላል አያደርገውም። እናንተ ሳታረጋግጡ የፈረማችሁበትን ቁልፍ ሌላ ሰው፣ ምናልባት ፈጽሞ የማታውቁት ሰው፣ በእናንተ ቃል ተማምኖ ምስጢሩን ይልክበታል።

ከመፈረም በፊት መረጋገጥ ያለባቸው ሦስት ነገሮች

የመጀመሪያው ሰውየው ነው። ፊት ለፊት ተገናኙ፤ መታወቂያውን ተመልከቱ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2006 በሜክሲኮ በተካሄደው የዴቢያን ገንቢዎች ጉባኤ ላይ አንድ ተሳታፊ የማንም መንግሥት ያልሆነ፣ በገንዘብ የተገዛ መታወቂያ ይዞ በቁልፍ መፈራረሚያው ሰልፍ ላይ ቆመ። ሰዎቹ የሙያው አዋቂዎች ነበሩ፤ ሆኖም ልብ ያሉት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሰው ይደክማል፤ ከፊቱ የቆመው አይቶ ካለፈ ተከታዩም ያልፋል። ከዚህ የምንማረው፣ ለይታችሁ የማታውቁትን የመታወቂያ ዓይነት ይዞ ለመጣ ሰው ያለመፈረም መብት እንዳላችሁ ነው። አለመፈረም ስድብ አይደለም።

እዚህ ላይ የእኛን ስም የሚመለከት ችግር አለ። ስማችን በፓስፖርት ላይ በላቲን ፊደል ሲገለበጥ አጻጻፉ አንድ ወጥ አይደለም፤ «ፀ» እና «ጨ» ያሉባቸው ስሞች ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ይጻፋሉ፤ ባለቤቱም ለኢሜይሉ የመረጠው አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ሊለይ ይችላል። በተጨማሪም የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አለመሆኑን የማያውቅ የውጭ ሀገር ሰው አባትና ልጅ ሲያይ ግራ ይጋባል። መፍትሔው ፈራሚውን ማግባባት ሳይሆን ቁልፉን ማስተካከል ነው፦ ባለቤቱ በቁልፉ ላይ በፓስፖርቱ አጻጻፍ ስሙን የያዘ ተጨማሪ የተጠቃሚ መለያ ያክል፤ ፈራሚውም ያንን ይፈርም።

ሁለተኛው የቁልፉ አሻራ ነው። አሻራ ማለት ከቁልፉ የሚሰላ ረጅም መለያ ሲሆን በተለመዱት ቁልፎች 40 ምልክቶች አሉት፤ ብዙውን ጊዜ አራት አራት እየሆነ በአሥር ክፍል ይታተማል። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው አዲሱ የኦፕንፒጂፒ መስፈርት ደግሞ 64 ምልክት ያለው አሻራ ተደንግጓል። ባለቤቱ አሻራውን ከራሱ ኮምፒውተር አትሞ፣ በወረቀት፣ በእጁ ይስጣችሁ። እናንተም በወረቀቱ ጀርባ መታወቂያውን ማየታችሁንና ቀኑን ጻፉበት፤ ማታ ቤት ስትገቡ የማን ወረቀት እንደሆነ አትጠራጠሩም። በስብሰባው ቦታ ኮምፒውተር አትክፈቱ፤ የሚፈርመው ቁልፋችሁ ሰው በተሰበሰበበት አደባባይ መውጣት የለበትም።

ተሰብሳቢው ብዙ ሲሆን በሌን ሳሳማንና በዚመርማን ስም የሚጠራ ሥርዓት አለ። አዘጋጁ የሁሉንም አሻራ በአንድ ፋይል አድርጎ አስቀድሞ ይልካል፤ እያንዳንዱ ሰው የፋይሉን ሃሽ በቤቱ ያሰላል፤ በስብሰባው ላይ ሃሹ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሁሉም በእጁ ያለው ዝርዝር አንድ መሆኑን ያውቃል። ከዚያ እያንዳንዱ «በዝርዝሩ ያለው አሻራዬ ትክክል ነው» ይላል፤ የሚቀረው መታወቂያ መመልከት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ኢሜይሉ ነው። መታወቂያ ላይ ኢሜይል አይጻፍም፤ ስለዚህ ከፊታችሁ የቆመው ሰው በቁልፉ ላይ ባለው አድራሻ የሚላከውን በእርግጥ እንደሚቀበል ገና አላወቃችሁም። ይህን የምታረጋግጡት ፊርማውን በምትልኩበት መንገድ ነው፤ ወዲያው እመለስበታለሁ።

ወደ ትእዛዝ መስመሩ

አሁን ቤታችሁ ናችሁ፤ ወረቀቱ ከፊታችሁ አለ። ቁልፉ በፋይል ከመጣ ከማስገባታችሁ በፊት «ጂፒጂ --ሾው-ኪስ» በሚለው ትእዛዝ ውስጡን ተመልከቱ፤ ይህ ትእዛዝ ያሳያል እንጂ ወደ ቁልፍ ማኅደራችሁ አያስገባም። የጠበቃችሁት ሆኖ ካገኛችሁት «--ኢምፖርት» ብላችሁ አስገቡት። ቀጥሎ «--ፊንገርፕሪንት» በሚለው አሻራውን አውጡና ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ፤ አርባውንም ምልክት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ክፍል ብቻ አይቶ መሃሉን መዝለል አጥቂ የሚመኘው ነገር ነው።

ለመፈረም ሁለት መንገድ አለ። «--ኩዊክ-ሳይን-ኪ» ፈጣኑ ነው፤ ሙሉውን አሻራ ካልሰጣችሁት አይሠራም፤ ይህም መልካም ነው። ጉድለቱ መለያ ካልጠቀሳችሁለት በቁልፉ ላይ ያሉትን አገልግሎት ላይ ያሉ የተጠቃሚ መለያዎች በሙሉ መፈረሙ ነው። አንድ ሰው በአንድ ቁልፍ ላይ ሦስት ኢሜይል ሊኖረው ይችላል፤ እናንተ ያረጋገጣችሁት ግን አንዱን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው «--ኤዲት-ኪ» የሚለውን ነው። ሙሉውን አሻራ አስከትላችሁ ስትገቡ የተጠቃሚ መለያዎቹ በተራ ቁጥር ይዘረዘራሉ። «ዩአይዲ 1» ስትሉ የመጀመሪያው ይመረጣል፤ «ሳይን» ስትሉ ፕሮግራሙ አሻራውን ዳግመኛ አሳይቶ እርግጠኛ መሆናችሁን ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ በልማድ አትለፉት፤ ወረቀቱን እንደገና ተመልከቱ። ሳትመርጡ «ሳይን» ካላችሁ «ሁሉንም መለያዎች ልፈርም?» ብሎ ይጠይቃችኋል፤ ትክክለኛው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «አይ» ነው። ስትጨርሱ «ሴቭ» በሉ፤ ካላስቀመጣችሁት ፊርማው አይጸናም። ከአንድ በላይ የራሳችሁ ቁልፍ ካላችሁ በየትኛው እንደምትፈርሙ አስቀድማችሁ «--ሎካል-ዩዘር» በሚለው ለይታችሁ ግለጹ። በመጨረሻም «--ቼክ-ሲግስ» ብላችሁ ፊርማችሁ በተመረጠው መለያ ላይ ብቻ ማረፉን አረጋግጡ።

የሌላ ሰው ቁልፍ የሚፈረመው በዋናው ቁልፋችሁ እንጂ ለዕለት ተዕለት ሥራ በምትጠቀሙባቸው ንዑስ ቁልፎች አይደለም። ዋናውን ቁልፍ ከኢንተርኔት በተለየ ኮምፒውተር ወይም ማስቀመጫ ያኖረ ሰው እርሱን የሚያወጣው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ፊርማውን ራሳችሁ ወደ ሰርቨር አትላኩት

የተፈረመውን ቁልፍ «--ኤክስፖርት» ብላችሁ በፋይል አውጡት፤ ፋይሉን ለዚያው ለተፈረመው ቁልፍ መሥጥሩት፤ በዚያ መለያ ላይ ወዳለው ኢሜይል ላኩት። በዚህ አንድ እርምጃ ሁለት ነገር ይረጋገጣል። መልእክቱ የሚደርሰው ኢሜይሉ የእርሱ ከሆነ ነው፤ የሚፈታው ደግሞ የግል ቁልፉ በእጁ ካለ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ፊርማችሁ ከምስጢሩ ውስጥ አይወጣም፤ ማንንም አያሳስትም። ቁልፉ ብዙ ኢሜይል ካለው ለእያንዳንዱ መለያ ገና ካልተፈረመ ቅጂ ጀምራችሁ ለየብቻ ፈርማችሁ ለየብቻ ትልካላችሁ። ይህ አድካሚ ስለሆነ በዴቢያን ውስጥ «ካፍ» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ተዘጋጅቶለታል፤ መለያዎቹን አንድ በአንድ ፈርሞ፣ መሥጥሮ፣ ለየአድራሻቸው ይልካል።

ሌላም ምክንያት አለ። ነባሮቹ የቁልፍ ሰርቨሮች የተቀበሉትን እንዲጨምሩ እንጂ እንዲሰርዙ አልተሠሩም ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 2019 አንድ ያልታወቀ አካል ይህንኑ ተጠቅሞ በሁለት ታዋቂ ባለሙያዎች ቁልፎች ላይ እጅግ ብዙ ፊርማዎችን አከማቸ፤ ቁልፉን ያወረደ ሰው ሶፍትዌሩ መሥራት እስኪሳነው ድረስ ይዘገይበት ነበር። በማግሥቱ ወር የወጣው ጂኑፒጂ 2.2.17 ከሰርቨር ከሚመጡ ቁልፎች ላይ የሌሎችን ሰዎች ፊርማ እንደ መነሻ መቀበል አቆመ። ፊርማን ለባለቤቱ በእጁ ማድረስ ድሮ ጨዋነት ነበር፤ ዛሬ ፊርማው እንዲደርስ የሚያስችል ዋነኛ መንገድ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው። ይፋ የሆነ ፊርማ «እኔና እገሌ እንተዋወቃለን፤ በዚህ ቀንም ፈርሜለታለሁ» የሚል የማይፋቅ መዝገብ ነው። ለሶፍትዌር ገንቢዎች ይህ ክብር ነው። ለጋዜጠኛና ለምስጢር ምንጩ፣ ለጠበቃና ለደንበኛው ግን የመልእክቱ ይዘት ምስጢር ሆኖ ሳለ ግንኙነቱ ራሱ ይገለጣል። በሀገር ቤትና በውጭ ሀገር የሚኖሩ ወገኖች ሲጻጻፉ አንዱ ደህና ከሆነ ቦታ፣ ሌላው ካልሆነ ቦታ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። ለእንዲህ ያለው ጉዳይ «--ኤልሳይን-ኪ» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ የሚፈጥረው ፊርማ በእናንተ ማኅደር ውስጥ ብቻ የሚሠራና ቁልፉ በተለመደው መንገድ ሲወጣ አብሮ የማይወጣ ነው። የማረጋገጡ ጥንቃቄ ያው ነው፤ የሚለየው ምስክርነቱን ለራሳችሁ መያዛችሁ ነው። ስትጠራጠሩ በዚህ ጀምሩ። በኋላ ይፋ ማድረግ ይቻላል፤ ይፋ የሆነውን መደበቅ ግን አይቻልም።

የራሳችሁ ግምት የራሳችሁ ነው

ከፊርማ በኋላ ፕሮግራሙ «ትረስት» በሚል ስም ስለ ሌላ ነገር ሊጠይቃችሁ ይችላል። ይህ ጥያቄ ቁልፉ የማን ነው የሚለው አይደለም፤ «ይህ ሰው የሌሎችን ቁልፍ ሲፈርም ምን ያህል ይጠነቀቃል?» የሚል ነው። መልሳችሁ በኮምፒውተራችሁ ውስጥ ብቻ ይቀመጣል፤ ማንም አያየውም። ስለዚህ በይሉኝታ አትመልሱ። እንደ መነሻ አንድ ሙሉ እምነት የተጣለበት ምስክር ወይም ሦስት ከፊል እምነት የተጣለባቸው ምስክሮች ለአንድ ቁልፍ በቂ ናቸው፤ ሰንሰለቱም ከአምስት ደረጃ አያልፍም። የቅርብ ወዳጃችሁ ደግ ሰው ሆኖ ቸኩሎ የሚፈርም ሊሆን ይችላል፤ የማትወዱት ባልደረባ ደግሞ አርባውንም ምልክት የሚያነብ።

ብትሳሳቱስ? በ«ኤዲት-ኪ» ውስጥ «ሬቭሲግ» የሚል ትእዛዝ አለ፤ የሰጣችሁትን ፊርማ ይሽራል። መሻር ግን ማጥፋት አይደለም፤ አሮጌው ፊርማ ከነሽረቱ ይኖራል፤ ሽረቱም ያልደረሰው ሰው በአሮጌው መተማመኑን ይቀጥላል። ስለዚህ ሽረቱን ለቁልፉ ባለቤትና ለሚመለከታቸው ሁሉ ማድረስ የእናንተ ግዴታ ነው።

ስለ ፊርማው ጥንካሬም አንድ ቃል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ጋኤታን ለራንና ቶማ ፔይራን የተባሉ ተመራማሪዎች ሻ-1 በተባለው አሮጌ የሃሽ ስልት የተሠራ የቁልፍ ፊርማ ከአንዱ ሰው ቁልፍ ተነሥቶ የሌላ ስም በያዘ ቁልፍ ላይ ሊለጠፍ እንደሚችል በተግባር አሳዩ። ጂኑፒጂ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ አዳዲስ የሻ-1 ምስክርነቶችን መቀበል አቁሞ ነበር። ሶፍትዌራችሁን ያላደሳችሁ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት አድሱ።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሁሉ ለምን?» ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011 የሊኑክስ ከርነል ዋና ሰርቨሮች ተሰብረው ሲገኙ ገንቢዎቹ ከየሀገሩ በተሰበሰቡበት በፕራግ ጉባኤ ፊት ለፊት ተገናኝተው ቁልፍ ተፈራረሙ። ሰርቨሩ ሲወድቅ ሥራውን ለመቀጠል መሠረት የሆናቸው ሰው ለሰው የሰጠው ቃል ነበር። በኪሳችሁ ያለው ስልክ ምናልባት በዚያ ከርነል ይሠራል።

አያቶቻችን በውል ላይ እማኝ ሆነው ሲቀመጡ የሚጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ ያዩትን መናገር። ትእዛዙን በደቂቃ ትማራላችሁ። ከባዱ፣ ወረቀቱን ይዞ የመጣው ወዳጅ በተስፋ ሲመለከታችሁ «ገና አላረጋገጥሁም» ለማለት መድፈር ነው። ያንን የሚል ሰው በፈረመበት ቁልፍ ላይ ሌላው ሰው ምስጢሩን ሊያኖር ይችላል።